የጡት ልጅ አለሽ?

መካነ ሰላም የገባሁት በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ፣ የሕፃናት ሚዛን ጉልበቴ ላይ ታቅፌ ነው። ከደሴ ስንነሳ ሾፌሩ ሚዛኑን ከኋላ ከጆንያው ጋር እንድጭነው ቢለምነኝ እምቢ አልሁት። ሚዛኑ ከተዛባ ጥናቱ ሁሉ ይዛባል ብዬ ፈራሁ። ተፈጥሮዬ ነው፤ ከመሥራቴ በፊት እፈራለሁ፣ ከሠራሁ በኋላም እፈራለሁ። ሚዛኑ ግን እስከ መጨረሻው አንድም ቀን አልተዛባም።

ወሎ ላይ ረሃቡ የጠናበት፣ አዲስ አበባ ላይ ሰልፍና አድማ የበዛበት ዘመን ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ነርስነት የተማርሁ ሴት ነኝ። እንግሊዝኛ ስለምችል በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ ለሚደረግ ጥናት አስተባባሪ ተብዬ ተላክሁ። አስተባባሪ ማለት ጠያቂዎችን ማሰማራት፣ የተሞላውን ወረቀት ማረም፣ በቅሎ መከራየት፣ ቢሮ ሲጠራ መቅረብ፣ በሐኪሟና በእናቶቹ መካከል ደግሞ አፍና ጆሮ መሆን ነው።

ሐኪሟ ዶክተር ሄልጋ ትባላለች። ከባሕር ማዶ የመጣች፣ ዳገት ላይ እንኳ ፈጥና የምትራመድ ሴት ናት። አማርኛዋ "ጤና ይስጥልኝ" ላይ ያበቃል። ዋናው ጠያቂያችን ይመር ነበር፤ የአገሩ ልጅ፣ በክሊኒክ ቁስል ሲያጥብና መርፌ ሲወጋ የኖረ ድሬሰር። እሱ ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቅም።

በመጀመሪያው ቀን የአስተዳደሩ ጸሐፊ አስጠራኝ።

"ወረቀታችሁ ላይ ረሃብ የሚል ቃል እንዳይገባ" አለኝ።

"ታዲያ ምን ብለን እንጻፍ ጌታዬ?"

"የእህል መወደድ በሉ።"

እሺ ብዬ ወጣሁ። በገበያው በኩል ሳልፍ ያንን የተወደደ እህል በዓይኔ ፈለግሁት። ሻጭም እህልም አልነበረም።

መጠይቁ በግራ በኩል እንግሊዝኛ፣ በቀኝ በኩል አማርኛ ነው። የተተረጎመው አዲስ አበባ ነው። ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው ሰባተኛው ነበር። እንግሊዝኛው እናቲቱ የምታጠባው ሕፃን እንዳላት ይጠይቃል። አማርኛው "የጡት ልጅ አለሽ?" ይላል። አለኝ ካለች ሕፃኑ ይመዘናል፣ ክንዱ ይለካል፣ ለእሷም የወተት ካርድ ይሰጣታል። የለኝም ካለች ወደ ስምንተኛው ይታለፋል። ለአካባቢው የሚላከው የዱቄት ወተት መጠን የሚወሰነውም በዚሁ መልስ ነበር። ክረምት ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን ውጤቱን ደሴ ማድረስ ነበረብን።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር አስካለ የምትባል ወጣት እናት አገኘን። ሴት ልጇን አንቀልባ ላይ አዝላ፣ ባሏ እህል ፍለጋ ወደ ቆላ ከወረደ መሰንበቱን ነገረችን። ልጅቱ ከእናቷ ትከሻ ላይ እጇን ዘርግታ የእርሳሴን ክር ያዘችብኝ፤ አልለቅም አለች። ዶክተር ሄልጋ ሳቀች። ይመር ጥያቄውን አነበበ።

"የጡት ልጅ አለሽ?"

"የለኝም" አለች አስካለ።

ዶክተር ሄልጋ አስካለ ያዘለቻትን ልጅ አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች። "የለኝም አለች?" ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት። "ለምን?"

ሳላውቅ አላውቅም ማለት ይከብደኝ ነበር በዚያን ጊዜ። "ቡዳ ፈርታ ይሆናል" አልሁ። "ልጃቸው እንዲቆጠርባቸው አይወዱም።" ዶክተር ሄልጋ ራሷን ነቀነቀች። እናት ያላለችውን አትጻፉ፣ አታስገድዱ የሚል ጥብቅ ትእዛዝ ነበራት። ይመር ከጎናችን ቆሞ ነበር፤ በባዕድ ቋንቋ ስለተነጋገርን አንድም ነገር አልገባውም። ልጅቱ ሳትመዘን ወደሚቀጥለው ቤት አለፍን።

በየቤቱ እንዲሁ ሆነ። ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ እየጠባ እናቲቱ "የለኝም" ትላለች። ወረቀቱን ባረምሁ ቁጥር ጭንቀቴ ባሰ። በእኛ ወረቀት ቢሆን በዚያ አገር የሚያጠባ ሴት ከቁጥር አትገባም፤ ደሴ ያለው ቢሮ ይህን አይቶ ወተቱን ወደ ሌላ ቦታ ይልከዋል። ለዶክተር ሄልጋ ስነግራት እሷም እንቅልፍ እንዳጣች አየሁ። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለ ይመር፣ ባዶውን የወተት መጋዘን ሲያሳየኝ። ሳቅሁለት፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ካርድ ካገኙት ጥቂት ሴቶች አንዷ እማማ ጦይባ ነበሩ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ጥርሳቸው የሳሳ እናት ናቸው። ካርዱን የሰጣቸው ይመር ነው። ዶክተር ሄልጋ ከክሊኒኩ በር ላይ ካርዳቸውን ይዘው ባየቻቸው ጊዜ ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ተናገረችኝ።

"እኚህ ሴትዮ ልጅ ያጠባሉ?"

"ብለዋል፤ ተጽፏል።"

"ካርዱን ተቀበያቸው። እሳቸው ዋሽተው ካገኙ ነገ ሁሉም ይዋሻል፤ ያን ጊዜ ጥናቱ አለቀለት።"

አልተቃወምኋትም። ክፉ ሰው ሆና አልነበረም፤ እኔም ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ያም ሆኖ ከተራበ ሰው እጅ ካርድ ለመንጠቅ ብቻዬን መሄድ ከበደኝ። ይመርን አስከትዬ ሄድሁ።

እማማ ጦይባ ደጃቸው ላይ የሱፍ ባና ለብሰው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ከሲታ ወንድ ልጅ ተኝቷል።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ እማማ።"

"ወዐለይኩሙ ሰላም። ነይ ልጄ፣ አረፍ በይ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን።"

የዚያን ዘመን ሰው እንዲህ ነው፤ ሆዱ ባዶ ሆኖም ደህና ነኝ ሳይል ወሬ አይጀምርም። ነገሩን እንዴት እንደማነሳው ጨነቀኝ። "እማማ፣ ይህ ልጅ የማን ነው?" አልሁ።

"የእኔ ነዋ። የጡት ልጄ ነው።"

"ያጠቡታል?"

እማማ ጦይባ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቀጥለው ይመርን አዩ። "ኧረ በአላህ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን ጡት አለኝ ብለሽ ነው? እናቱ ጎረቤቴ ነበረች፤ በዚህ ክፉ ቀን ሞተች። ሽማግሌ ቆሞ፣ ጡቴን ማር አስነክቼ አፉን አስያዝሁት። የጡት ልጅ አደረግሁት። ማሩም አልነበረኝም ወላሂ፤ ለመድኃኒት ያኖረች ሴት ናት በጣቷ ያህል የሰጠችኝ።"

የጡት ልጅ። ቃሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ደሴም እናታችን ስለ አንድ ጎረቤታችን "የእገሌ የጡት ልጅ ነው" ስትል ሰምቻለሁ፤ ያልወለዱትን፣ በወግ ልጅ ያደረጉትን ማለት ነው።

"እማማ፣ አስካለ የጡት ልጅ የላትም?"

"ከየት አምጥታ? ያችን አንዷን ራሷ የወለደቻትን ነው የያዘችው።"

ወደ ይመር ዞርሁ። "አንተ ሰባተኛው ጥያቄ ስለ ምን ይመስልህ ነበር?"

"እናት አባት የሞቱባቸውን ልጆች የምንቆጥር ነዋ፣ ሲስተር" አለ። "በዚህ ክፉ ቀን ስንቱ ነው የሙት ልጅ ያስጠጋው። ወተቱም ለእነሱ ይመስለኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው ብዬ ነበር እኮ።"

ይመር የሚያነበው አማርኛውን ብቻ ነው፤ እናቶቹም የሰሙት አማርኛውን ነው። ለተጠየቁት በትክክል መለሱ። እኔ ወረቀቱን ሳርም ዓይኔ መጀመሪያ እንግሊዝኛው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ አማርኛው ላይ "ጡት" እና "ልጅ" የሚሉትን አይቼ አልፋለሁ። ካርዱን ሳልቀበል ተነሳሁ። እማማ ጦይባ ለምን እንደመጣሁ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸውም።

ለዶክተር ሄልጋ ስነግራት የወረቀቱን ክምር ወደ ራሷ ሳበች። "ስንቱ ወረቀት ነው የተበላሸው?" አለችኝ።

"ሁሉም።"

"እንድገመው" አለች። ቡዳ ያልሁትን አላነሳችብኝም። እኔ ግን ዛሬም አነሳዋለሁ። ጥያቄውን "የሚጠባ ልጅ አለሽ?" ብለን አስተካከልን፤ እናት የሌለውን ልጅ ለሚያሳድጉም አዲስ ጥያቄ ጨመርን። እማማ ጦይባ ካርዳቸውን እንደያዙ እንዲቆዩ ዶክተር ሄልጋ ራሷ ፈረመች።

ለመድገም አዲስ የይለፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። ቢሮው ስደርስ ጸሐፊው የለም፤ ወታደሮች መጥተው ወደ ደሴ ወስደውታል። በወንበሩ ላይ አንድ መቶ አለቃ ተቀምጧል። ለውጡን በሬዲዮ ስንሰማው ሰንብተናል፤ እኛ ዘንድ የደረሰው ግን በዚያ ቀን ነው።

መቶ አለቃው መጠይቁን ገለባበጠው። "አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አልፋችኋል። ለምን ሁለተኛ?"

"ስሕተት ስላለው ነው ጌታዬ።"

"ግማሹ የባዕድ ቋንቋ ነው። ይኼኛውና ያኛው አንድ መሆኑን ማን ያረጋግጥልኛል?"

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ያለ ትክክለኛ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ቀደም ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ምን ነበር አልሁ በሆዴ። "አንድ አይደለም" አልሁት። "የምንደግመውም ለዚህ ነው።"

የተናዘዝሁ መሰለው። ፊቱ ተለወጠ። "እንግዲያው ከደሴ መልስ እስኪመጣ ወረቀቱ እዚህ ይቆያል። እናንተም ከከተማ አትወጡም" አለ።

እንደዚያ ያለ ጥበቃ ጠላቴም አይጠብቅ። ዶክተር ሄልጋ ከክሊኒኩ ግቢ አጥር እስከ አጥር ትመላለሳለች። እኔ ሚዛኑን እወለውላለሁ፤ ንጹሑን ሚዛን። በየቀኑ ቢሮው በር ላይ ቆሜ መልስ መጣ ወይ እላለሁ። ዝናብ ማጉረምረም ጀምሯል። ይመር እንኳ መቀለዱን ተወ። ፈቃዱ የመጣው የመጀመሪያው ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው። መቶ አለቃው ደብዳቤውን ሲሰጠኝ "መድገማችሁ ተገቢ ነው ብለውኛል" አለ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም ይቅርታ አልፈለግሁም፤ በቅሎ ነበር የምፈልገው።

ከእማማ ጦይባ መንደር ጀመርን። ልጁ ተመዘነ፤ ከሲታ ነው፣ ግን ያለቅሳል፣ ለማልቀስ አቅም ያለው ልጅ ደስ ይላል። ወደ አስካለ ቤት ሄድን። በሯ ላይ ተቀምጣለች። ባዶው አንቀልባ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔ እሱን ከማየቴ በፊት ይመር ማንበብ ጀምሮ ነበር።

"የሚጠባ ልጅ አለሽ?"

"የለኝም።"

ይመር ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። አስካለ እኔን አየችኝ፤ ቁጣ የለባትም።

"ያን ጊዜ የጡት ልጅ አለሽ ወይ አላችሁኝ፤ የራሴ ነበረችና የለኝም አልሁ። አሁን የሚጠባ አለሽ ወይ አላችሁኝ። የለኝም።"

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ሁለቱንም ጊዜ እውነቷን ነው የነገረችን። ይመር ወረቀቱ ላይ ያንኑ ቃል ያንኑ ቦታ ጻፈ።

ወተቱ ጭቃው መኪናውን ሲይዘው ሲለቀው ቆይቶ መጣ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ ይመር ጆንያ እያወረደ። ለስንቱ ዘገየ፣ ለስንቱ ደግሞ ደረሰ። ለእማማ ጦይባ ልጅ ደረሰለት።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ መጠይቅ በእጄ አልፏል። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ሲመጣልኝ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን በእጄ እሸፍናለሁ። አማርኛውን እንግሊዝኛ ለማታውቅ የአገሩ እናት ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ከዚያ "ምን ጠየቅሁሽ?" እላታለሁ። የጠየቅሁት ወረቀቱ ያሰበውን ሳይሆን እሷ የነገረችኝን ነው።