ኮሌታ የሸፈነው ጠባሳ

የሰፈሩን ሴቶች ልክ በቃሏ የምታውቀው ልብስ ሰፊ የራሷን አንገት ግን ለማንም አሳይታ አታውቅም። ከሰባት ዓመት በፊት እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች ወዲህ፣ ለራሷ የምትሰፋው ሁሉ አገጯ ድረስ የሚደርስ ኮሌታ ነበረው። ሐኪሙ ያኔ "ይህን ኪኒን ዕድሜ ልክሽን" ቢላትም፣ ቁስሉ ሲጠግግ ተወችው። እንቅርቱ ከሄደ መድኃኒቱ ለማን ነው ብላ።

ከጊዜ በኋላ ድምፅዋ ጎረነነ፤ በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ደርባ የስፌት መኪናዋ ላይ ታንቀላፋ ጀመር። ሰውነቷ ባበጠ ቁጥር የቀሚሷን የጎን ስፌት ፈትታ ትለቀዋለችና ለውጡን ልብ ያለው የለም። ትንፋሽ አጥሯት ፔዳል መርገጥ ሲያቅታት ታናሽ እህቷ ደግፋ ሆስፒታል ወሰደቻት።

ከሳንባዋ ዙሪያ በመርፌ የቀዱት ውኃ እንደ ወተት የነጣ ነበር። በሳምንቱ መልሶ ሞላ። ደግመው ቀዱት፤ ሞላ። ቲቢም ካንሰርም ፈልገው አጡ። "ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና ነበረሽ?" ሲሏት፣ የአንገት ነገር ከደረት ምን አገናኘው ብላ "የለም" አለች። መርፌው በጀርባ ስለሚገባ ከቤት ያመጣችውን የሌሊት ልብስ ኮሌታ ማንም አላስፈታትም። የውኃው ምንጭ እንዲፈለግ ደረቷን የሚከፍቱበት ቀን ተቆረጠ።

በዋዜማው ሐኪሟ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ አጠገቧ ተቀመጡ።

"ክፍሉ በሙቀት ነዷል፤ አንቺ ሁለት ብርድ ልብስ?"

"ብርድና እኔ ወዳጆች ነን፣ ዶክተር።"

"እስቲ ኮሌታሽን ፍቺልኝ።"

ኮሌታዋን ጨምድዳ ያዘች። እህቷ ከአልጋው ግርጌ፣ "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ሸሽጋ ጠርዙን በክር ዘምዝማዋለች" አለች።

ልብስ ሰፊዋን ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሳል ሆነ። ሳሉ ሲያልፍ፣ ደረት ከሚከፈት ኮሌታ ይከፈት አለችና ሦስቱን ቁልፎች ፈታች።

ሐኪሟ ጠባሳውን በጣታቸው ዳሰሱ። "እንቅርት ወጥቶልሻል። ኪኒኑስ?"

"ተውኩት።"

የደም ምርመራው፣ ከእንቅርቱ ጋር የወጣው የታይሮይድ ዕጢ ይሰጥ የነበረውና ኪኒኑ የሚተካው ንጥረ ነገር ከሰውነቷ መሟጠጡን አሳየ። "የዚህ እጥረት የሳንባን ዙሪያ እንዲህ በውኃ ሲሞላ ብዙ አይገጥመንም" አሉ ሐኪሟ። "ቢላዋው ይቆይ። ኪኒኑን ግን አንድ ቀን እንዳትዘይ።"

አልዘለለችም። ኪኒኑን ከክሩ ጎን አስቀመጠችው፤ ጠዋት ሳትውጥ መርፌ አትነካም። ውኃው ቀስ በቀስ ጎደለ፤ እሷም የለቀቀችውን ጎን ጣት በጣት መልሳ አጠበበች። በአራተኛው ወር ራጅዋ ጠራ።

በዚያው ሳምንት አንገቱ ክፍት የሆነ ቀሚስ ለብሳ ሥራ ገባች። አንዲት ደንበኛ አፍጥጣ፣ "ውይ፣ አንገትሽ ላይ ምንድን ነው?" አለቻት።

"የሌላ ሰው ስፌት ነው፤ እኔ ብሰፋው አይታይም ነበር" አለችና ፔዳሉን ረገጠች።