ዳባትን «ቆይ» ያልኩበት ቀን

በደርግ ዘመን የደባርቅ ስልክ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተጣለ ስልክ እየፈታሁ ራሴን አስተማርኩ። በዚህም ከሚገባው በላይ እኮራ ነበር። ከጎንደር የሚመጣ መልእክት መጀመሪያ ዳባት ላለው ወጣት ይነገራል፤ እሱ ደግሞ ለእኔ ያስተላልፋል።

የዚያን ዕለት ልጄ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጎንደር ለጤና ረዳትነት ተፈትና ውጤቱን በስልክ ትጠብቃለች። ካለፈች በማግሥቱ ማለዳ መሳፈር አለባት፤ ካረፈደች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ረፋዱ ላይ መስመሩ ጸጥ አለ። ደወሉን አንድ ጊዜ አዞርኩ፤ ዳባትም አንድ ጊዜ መለሰ። በእኛ ልማድ ይህ «አለሁ» ማለት ነው። ሽቦው አልተበጠሰም ማለት ነው።

«አባባ፣ ለምን አይጠይቁትም?» አለች ልጄ።

«የመንግሥት መስመር የቤት ጉዳይ መጠያየቂያ አይደለም!» ብዬ ስለ ሕዝብ አደራ ረዘም ያለ ተግሣጽ ሰጠኋት። ከዚያ ባትሪውን ቀየርኩ። የስልኩ ሽቦ የተቀበረበት አፈር ደርቆ ይሆናል ብዬ ጨው በጥብጬ አፈሰስኩበት። ማዳመጫውን ፈታሁት፤ መልሼ ስገጥመው አንድ ብሎን ተረፈኝ። በመጨረሻ ምሰሶ ላይ ወጣሁ።

«ጋሼ፣ ከገደሉ ማዶ ዛሪማ ይታይዎታል?» አለኝ አንድ ገበያተኛ ከታች።

ስወርድ ልጄ ጠየቀችኝ፤ «ለዳባቱ ልጅ መጨረሻ ያሉት ምንድን ነው?»

አሰብኩ። ጠዋት መልእክት እየተቀበልኩ ሳለ የንስሐ አባታችን ገብተው ነበር። ቄስ ቆመው ተቀምጦ ስልክ ማውራት ነውር ነው። «ቆይ» ብዬ ማዳመጫውን ሰቀልኩ፤ መስቀል ተሳለምኩ፤ ስለ ከብቱም ስለ እህሉም ተጠያይቀን ሸኘኋቸው።

«ከዚያስ ቀጥል አሉት?»

ደወልኩና «ምነው ዝም አልክ?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ጋሼ፣ ቆይ አላሉኝም? ታላቅ ሰው ቆይ ካለ ቀጥል እስኪል ይጠበቃል እንጂ! መልእክቱ ሲቆለልብኝ እኔም ጎንደርን ቆዩ ብያቸዋለሁ።»

«ስደውልልህስ?»

«አለሁ አልኩዎ። ባለፈው ስለ ችኮላዬ የገሠጹኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ቀጥል» አልኩት። የተከማቸው ሁሉ ጎረፈ፤ የልጄም ውጤት በመካከሉ ነበር። አልፋለች።

በማግሥቱ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆሜ ስለ ትሕትና መከርኳት። ሞተሩ ተነሥቷል፤ ተሳፋሪው ጸጥ ብሏል፤ ሹፌሩም አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ምክሬ የጣማቸው መስሎኝ ጨመርኩበት።

«አባባ» አለች ልጄ ቀስ ብላ፤ «ሰውየው ቀጥል እስኪሉት እየጠበቀ ነው።»

«ቀጥል» አልኩና ወረድኩ።