አርባ አንደኛዋ ፍሬ

ሽምብራ ሲቆላ በሸተተኝ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ይኸው አሁንም አከራዬ ብረት ምጣዷን ጥዳ እያመሰች ነው፤ ሽታው በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን ሞልቶታል። አንቺ ደስ ይልሽ ይሆናል። እኔን ግን እጄን ይዞ ነቀምቴ አጠገብ ዲጋ፣ አንዲት ሴት ጓዳ ውስጥ ይከተኛል። ያቺን ሴት ጠልቻታለሁ። እንዲያው በዋዛ እንዳይመስልሽ። በጾም፣ በስግደት፣ በመቁጠሪያ ነው የጠላኋት።

የእንጀራ እናቴ ናት። እናቴ ጊዳ አያና የተወለደች የወሎ ሠፋሪዎች ልጅ ነበረች፤ አባቴ የዲጋ ሰው፣ አስተማሪ። እናቴ ስትሞት አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ይቺን አመጣ። እሷም የዲጋ ልጅ ናት፤ ፕሮቴስታንት፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀለች የምታወራ፣ ስትስቅ ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማት። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እናቱን "አዮ" ይላል። እኔ "አዴ" አልኳት፤ ለማንኛዋም የሰፈር ሴትዮ እንደሚባለው። አንድ ቀን እንኳ አፌን ስቶኝ አዮ አላልኳትም። ተጠንቅቄ ነበራ።

ከእናቴ የቀረኝ አንድ ቀሚስ ነበር፤ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው የሀበሻ ቀሚስ። ከአልጋዬ ሥር በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክዳኑን ከፍቼ አሸተው ነበር። አደስ አደስ ይላል። እየቆየ ሽታው ሲሳሳብኝ፣ እንዳያልቅብኝ ብዬ በየሁለት ቀኑ መክፈት ጀመርኩ።

አሥረኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ከገበያ ስመለስ በረንዳው ላይ የሕፃን ሽንት ጨርቅ ተሰጥቶ አየሁ። ሴትየዋ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ዝናብ ስለሆነ ጨርቆቹ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥለው ያንጠባጥባሉ። አንዱ ላይ አረንጓዴው ጥልፍ አለ።

"ምነው ኢንተላ ኮ?" አለችኝ፣ "ልጄ" ማለቷ ነው፣ ሕፃኑን እንደታቀፈች። "ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሁት ነው እኮ። ያረጀ መስሎኝ ነው፤ ብል በልቶት ነበር።"

አባቴ የተማሪ ወረቀት እያረመ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል "ጨርቅ ነው፤ ተይው በቃ" አለኝ። ጨርቅ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ያን ቀን አልጮኽኩም፤ አላለቀስኩምም። "ቆይ" ብቻ አልኩ በልቤ።

ከእናቴ ጋር ማኅበር ትጠጣ የነበረች አንዲት ባልቴት ነበረች። ሄጄ ነገርኳት። "ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ገዳም ግቢ" አለችኝ። "የበደለሽን ሰው ስም ይዘሽ ትሄጃለሽ፤ እግዜር ይፈርድልሻል። የክርስትና ስሟን ነው ታዲያ! የዓለሙን ስም እዚያ ማንም አያውቀውም።"

እንግዲህ ጭንቁ መጣ። ፕሮቴስታንት ሴት የክርስትና ስም ከየት ታመጣለች? ሦስት ቀን ስብሰለሰል ቆይቼ በመጨረሻ ራሷን ጠየቅኳት። በጉን ካራ አቀብለኝ እንደማለት ነው። ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ለምንሽ ነው?"

"ፍልሰታን ገዳም ልገባ ነው። እዚያ ስም ይሰጣል።"

አልዋሸሁም፤ እውነቱን አልጨረስኩትም እንጂ። ዓይኗ እንባ ሞላ። የሽንኩርቱ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ስንት ዓመት ኖሬያለሁ መሰለሽ! "ልጅ ሆኜ ቤታችን ኦርቶዶክስ ነበር" አለችኝ። "እናቴ ናት በሱ የምትጠራኝ። እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም።" ቤት ውስጥ ከሕፃኑ በቀር ሰው የለም፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ስሙን ላንቺም አልነግርሽም።

በማግስቱ ሽምብራ ቆላችልኝ። እነሱ ፍልሰታን አይጾሙም፤ ያም ሆኖ ሽምብራውን ስትለቅም፣ ስትዘፈዝፍ፣ ሕፃኑን አዝላ ምጣዱ ላይ ስታምስ ዋለች። ልብሷም ፀጉሯም ሽምብራ ሸተተ። በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና "እዚያ ብርድ ነው አሉ፤ ሲርብሽ ቆርጠም ቆርጠም አድርጊ። ስሜን እንዳትረሺ" አለችኝ። "አልረሳም" አልኳት። ከልቤ ነበር ደግሞ። መኪናው ሲነሳ "ነጋቲ! ነጋቲ!" እያለች ሸኘችኝ፤ በሰላም ሂጂ ማለቷ ነው።

ገዳሙ የሴቶች ገዳም ነው። ከነቀምቴ ወደ ኑኑ ቁምባ በሚወስደው መንገድ ተሄዶ፣ ከመኪና ተወርዶ፣ ጭቃውን ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ዋንዛና ጥድ ከቦታል። ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይለቅም፤ ዛፍ ላይ ጉሬዛ ሲጮህ ነው መንጋቱ የሚታወቀው። በር ላይ ጀርባቸው የጎበጠ አንዲት እማሆይ ደብተር ይዘው የገቢውን ስም ይጽፋሉ።

"ይዘሽ የመጣሽው ስም አለ?" አሉኝ የኔን ከጻፉ በኋላ።

"አለ። በድላኛለች" አልኩና ስሟን ነገርኳቸው። "ያደረገችኝን ልንገርዎት?"

"አያስፈልግም፤ እሱ ያውቃል።"

ደስ አለኝ። መዝገቡ ተከፈተ አልኩ። ከዚያ አርባ አንድ ፍሬ ያለው የእንጨት መቁጠሪያ ሰጡኝና ሥርዓቱን ነገሩኝ። ሱባኤ የገባ ሰው በአርምሞ ይቆያል፤ ከጸሎት በቀር አንዲት ቃል ከአፉ አይወጣም። ስም ይዞ የመጣ ደግሞ ለዚያ ስም በየማለዳው አርባ አንድ ጊዜ ይሰግዳል፤ በያንዳንዱ ፍሬ ላይ ስሙን ጠርቶ፣ ድምፁን አሰምቶ "ማራት" ይላል።

"ማራት? እማሆይ፣ እኔ እኮ ልከሳት ነው የመጣሁት!"

ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። "እኛ ጋ የክስ ደብተር የለም ልጄ። ስሟን ጽፌዋለሁ፤ የተጻፈ ደግሞ አይፋቅም" አሉና ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። አርምሞው ተጀመረ።

አረርኩ። እንዳልመለስ አባቴ ይስቅብኛል። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ከአፌ የወጣው የሰው ስም የጠላቴ ስም ብቻ፣ የለመንኩትም ልመና "ማራት" ብቻ ሆነ። ግን እኔም የዋዛ አይደለሁም። አርባውን ጮክ ብዬ ማራት፣ ማራት እላለሁ። አርባ አንደኛዋ ፍሬ ላይ ስደርስ ከንፈሬን ሰሌኑ ላይ እለጥፍና፣ ማንም ሳይሰማ፣ "ፍረድባት" እላለሁ። ያቺ ፍሬ የኔ ናት። ለሷ ስል ነበር አርባውን የምችለው።

ከሰዓት በኋላ እያንዳንዳችን ግድግዳ ተደግፈን፣ ዝም ብለን፣ ልባችንን እንድንሰበስብ ነበር የታዘዝነው። የጣሪያው ጠብታ ይሰማል፤ የጧፍ ሰምና የእርጥብ ሳር ሽታ አለ። ሌላው ልቡን ሲሰበስብ እኔ ጥልፉን በዓይነ ልቦናዬ እየሰፋሁ ሽምብራዬን እቆረጥማለሁ። ጠላቴ የቆላችውን እየበላሁ ጠላቴ ላይ ፍርድ እጠብቃለሁ! ደግሞ ሲጣፍጥ። አንድ ያረረ ፍሬ ፈልጌ አጣሁበት። ያረረ ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ስመለስ ዲጋ መናኸሪያ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ሰላምታዋን ሳትጨርስ "ጠራሽኝ?" አለችኝ።

"በየቀኑ" አልኳት፤ "አርባ አንድ ጊዜ።"

አፏን በእጇ ያዘች። ያቺ ሳቂታ ሴት መሳቅ አቃታት። "ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ፣ ገለቶሚ" ትለኛለች፣ አመሰግናለሁ ነው፣ ጃንጥላውን ለኔ አድርጋ እሷ እየበሰበሰች። ላስቀጣት ሄጄ አስደስቻት መጣሁ። እንዴት እንደነደደኝ!

ፍርዱን ጠበቅኩ። አልመጣም። ሴትየዋ ወፈረች፣ ልጇ አደገ፣ ሳቋም እንደዚያው። እኔ አስተማሪ ሆኜ ነቀምቴ ተመደብኩ፤ አባቴ ሲሞት ቀብሬ ተመለስኩ። እሷ ግን በየበዓሉ ትደውላለች፤ ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ "ስሜን ትጠሪያለሽ አይደል?" ትለኛለች። "እጠራለሁ" እላታለሁ። መቁጠሪያው ሻንጣ ሥር አቧራ ለብሷል።

ባለፈው ጥር ወንድሜ ደወለ። ያ ቀሚሴ የተቀደደለት ልጅ ዛሬ ድምፁ ጎርንኗል። "አዮ አረፈች" አለኝ።

ዲጋ ወረድኩ። ቀብሯ ላይ መዘምራኑ ዘመሩ፤ ፓስተሩ "እህታችን ቤቷ ገብታለች" አለ። ደግነቷን ሁሉም መሰከረ። እነሱ ዘንድ ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ እዚያው ላይ በቃ። በዓለም ስሟ ተጠርታ በዓለም ስሟ አፈር ለበሰች። ዙሪያዬን ቃኘሁ። ልጇ እንኳ ሌላ ስም እንዳላት አያውቅም። ያ ስም የሷ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከምድር ላይ እኔ፣ ጠላቷ፣ ብቻ ቀረሁ። ገዳም ሄጄ ላስጠራት ነበር፤ መንገዱ ዛሬ አይታመንም ብለው ከለከሉኝ።

ይቅር ብላታለች ብለሽ እንዳትሄጂ። ቀሚሱ አልተመለሰልኝም፤ የእናቴ ሽታ አልተመለሰልኝም። እንዲያው ያለ ጠሪ እንዳትቀር ብዬ መቁጠሪያውን አወጣሁት። በየማለዳው እዚህችው የኪራይ ቤቴ ውስጥ ስሟን ጠርቼ፣ ጮክ ብዬ፣ አርባ ጊዜ "ማራት" እላለሁ። አርባ አንደኛዋ ፍሬ ላይ ስደርስ ከንፈሬን ምንጣፉ ላይ እለጥፍና "አዮ" እላታለሁ። ቀስ ብዬ ነው ታዲያ፤ ሰምታ ደስ እንዳይላት።