ቺዝ የሌለበት ቱና

ዛሬ ጠዋት የቱና ቆርቆሮ ስከፍት ዘይቱ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ሽታው ከቀይ ሽንኩርቱ ጋር ሲቀላቀል ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ከኩሽና ወጣች። እኔ እጄን ሳልታጠብ ትንሽ ቆምኩ። ያ ሽታ ወደ ዘጠናዎቹ መለሰኝ፤ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ከተማ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ወደነበረችው ፒዛ ቤት።

አሜሪካ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ጋ ነበር የምኖረው። አክስቴ ፒዛ ቤቱ ሥራ ያስገባችኝ ቀን፣ "ይሄን ከለቀቅሽ ሲያትል፣ አጎትሽ ጋ ነው የምልክሽ፤ እኔ ብቻዬን አልችልሽም" አለችኝ። አጎቴን አይቼው አላውቅም። ሥራውን አጥብቄ ያዝኩት።

ሁዳዴ ገባ። በዚያ ቤት ቺዝ ያልነካው ምግብ አልነበረም። ለሠራተኛ የሚሰጠውን ፒዛ ጠርዝ ጠርዙን በልቼ የቀረውን እመልሳለሁ። ማናጀሩ፣ ቀይ ፀጉር ያለው የቴክሳስ ልጅ፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ። ያለችኝን እንግሊዝኛ አሰባስቤ "አይ አም ፋስት" አልኩት። ጾመኛ ነኝ ማለቴ ነበር። ለካ ፈጣን ነኝ ብዬዋለሁ።

"ፈጣን ከሆንሽማ እነዚያን ትሪዎች እጠቢያቸው!" አለ። ሁሉም ሳቁ።

ምድጃው ጋ የሚሠሩት ጣሊያናዊ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው በእጃቸው "ምንድን ነው?" አሉኝ። እንግሊዝኛው ስለከዳኝ በአማርኛ "ጾም! ጾም!" አልኳቸው።

"ቶኖ?" አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ቶኖ በእነሱ ቋንቋ ቱና መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሊጡን ዘረጉ፤ ቲማቲሙን ቀቡ፤ ቀይ ሽንኩርቱን በስሱ ከተፉ፤ ከመደርደሪያው ለራሳቸው ያስቀመጡትን ቱና አውርደው በላዩ በተኑ። ቺዝ እንዳይጨምሩ እጃቸውን ልይዝ ስል እሳቸው ቀድመው ጣታቸውን አወዛወዙብኝ።

"ቺዝ ከአሳ ጋር? በፍጹም! ኃጢአት ነው!"

እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ትኩሱን ቆሜ በላሁት።

ኋላ ቀስ እያሉ አጫወቱኝ። ያደጉት ጣሊያን፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ቱናው በወቅቱ ተይዞ በዘይት ይቀመጣል። ዓርብ ሥጋ ስለማይበላ እናታቸው ከሽንኩርት ጋር ሊጥ ላይ ትጋግርላቸው ነበር። "ዓርቡን ትቼዋለሁ" አሉኝ፣ "ቱናውን ግን አልተውኩም።"

አክስቴ ስትሰማ ጮኸች። "አሳ ያስገድፋል! ፒዛ ቤት ገብተሽ ሃይማኖት ልታሻሽዪ ነው?"

ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። "አባቴ፣ በጾም ቱና ይበላል?"

"ቱና ምንድን ነው ልጄ?"

"የታሸገ አሳ ነው።"

"ቆመሽ ነው የምትሠሪው?"

"አዎ አባቴ።"

"ብዪ። የማይበላውን ግን እንዳትንቂ።"

አክስቴን አልናቅኋትም። ግን በላሁ።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሽታው አስጠላኝ አለ። ማናጀሩ ወደ ኋላ ገባ። "ይሄ የድመት ምግብ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አይጋገርም። እንደ ሰው ቺዝ ብዪ!"

ሲያትል ታየኝ። ሽርጤን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። "ሥራህን ውሰድ። ጾሜን አልሰጥህም።" በዚያ እንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ እንዳልኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሽማግሌውም የራሳቸውን ሽርጥ ፈትተው በእኔው ላይ ደረቡት።

ማናጀሩ ምድጃውን አየ፤ ፊት ለፊት የተሰለፈውን ደንበኛ አየ። "ኦኬ፣ ኦኬ። በቃ የኋላውን በር ከፍታችሁ ጋግሩ።"

ሽርጣችንን መልሰን ታጠቅን። እስከ ፋሲካ በሩ ክፍት ነበር።

በፋሲካ ማግስት ለሽማግሌው ዶሮ ወጥ ይዤ ሄድኩ። ምድጃው ጋ የቆመው ማናጀሩ ነው። ሽማግሌው ልባቸውን ታመው ልጃቸው ኒው ጀርሲ ወስዳቸዋለች አለኝ። ስልክ አልተዉም። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ማናጀሩ ቀና ብሎ አላየኝም። ሊጥ ዘረጋ። ከመደርደሪያው የተረፈውን ቱና አወረደ። ሽንኩርቱን አወፈረው፤ ጠርዙንም አሳረረው።

"ቺዝ ልጨምርበት?" አለኝ። "ሶም አልቋል አይደል?"

ሶም አለ። ቃሉን ከእኔ ሰምቶ ይዞታል።

"አልቋል" አልኩት። "ቺዝ ግን አትጨምር።"

ዶሮ ወጡን ለሁለት ተካፈልነው። ሽማግሌውን ዳግመኛ አላየኋቸውም፤ ስማቸውን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳለሁ።

ልጄ ወደ ኩሽና ተመለሰች። "ማሚ፣ ዛሬ እኮ ጾም አይደለም። ቺዝ ላድርግበት?"

"በዚህ ቤት ቱና ላይ ቺዝ አይደረግም።"

"ለምን?"

ቢላዋውን ሰጠኋት። "መጀመሪያ ሽንኩርቱን ክተፊ" አልኳት። "በስሱ።"