የምትኩ ክርን

ባለፈው እሑድ ለንደን ውስጥ ከኤሌፋንት ኤንድ ካስል ወደ ስትሪትሃም በሚሄደው አውቶቡስ ላይኛው ፎቅ ላይ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ነዘረ። ቤዛ ናት። የጻፈችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ምትኩ አቆመ።»

ውጭው ይዘንባል። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ከካርቶን ውስጥ የተጠበሰ ዶሮ ትበላለች፤ መስኮቱ በሰው ትንፋሽ ጉም ለብሷል። በእጅጌዬ ጠርጌ ወደ መንገዱ ተመለከትኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሰው የቀናበት ሰው ከሜዳ ሲወጣ ቢያንስ ፈገግ ይላል። እኔ ግን አብሮኝ የተማረ ልጅ ቀድሞኝ ያረጀ ያህል ነው የተሰማኝ።

ምትኩን አንድ ቀንም በአካል አላየሁትም። ቢሆንም በሃያ ዓመቴ የእሱን ያህል የቀናሁበት ሰው የለም።

ያን ጊዜ ባተርሲ ውስጥ በአንድ ሱፐርማርኬት ዕቃ እደረድር ነበር። የቀረውን ጊዜዬን ግጥም እጽፍበታለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ፣ ያልወደድኩትን እየሰደብኩ ነው የተማርኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ስንኝ ሲመጣልኝ ከመውረጃዬ በፊት ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሥራ የምዘገየውም በዚህ ነበር። የአማርኛ ጽሑፌን ያየልኝ የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ስዩም ናቸው። ኤሌፋንት አሮጌው ገበያ ውስጥ ሻንጣና የስልክ ዕቃ ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ባንኮኒያቸው ላይ ተደግፌ ስጽፍ አዩና፣ እዚህ የተወለደች ልጃቸው ቤዛ አማርኛ እየተናገረች ማንበብ ግን እንደማትችል ነገሩኝ። እሑድ እሑድ መጥቼ ፊደል ላስቆጥራት፣ ምሳም ከእነሱ ጋር ልብላ ተባባልን።

ቤዛ ፋርማሲ ትማር ነበር። ስትሪትሃም ያለው ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፉል እንበላለን፣ በቃሪያና በብዙ ሽንኩርት፤ ከዚያ እሷ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እየጎተተች ታነባለች። ስትሳሳት ከንፈሯን ትነክሳለች። የማታ ፈረቃ ስላለኝ ሳይመሽ እወጣለሁ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እሑድ ላይ ይመስለኛል ስሙን መጀመሪያ የሰማሁት።

«ምትኩስ?» አሉ ጋሽ ስዩም ሳህናቸውን በዳቦ እየጠረጉ።

«ትናንት ደህና ነበር፤ መጨረሻ ላይ ደከመው እንጂ» አለች ቤዛ።

«ክንዱስ?»

«በረዶ እያደረጉለት ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው ወደ ላይ የሚያሳድጉት?»

«ነሐሴ ላይ ይመስለኛል። አባዬ፣ አትቸኩልበት። ገና ልጅ እኮ ነው።»

«ገና ልጅ እኮ ነው» ያለችበት ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ምትኩ ያልተነሳበት ምሳ አልነበረም። በደንብ ተኝቶ እንደሆነ፣ ከአለቃው ጋር ተስማምቶ እንደሆነ፣ ያረፈበት ከተማ ሙቀት እንዴት እንደሆነ ይነጋገራሉ። እኔም የሰማሁትን እየገጣጠምኩ ሰውየውን ሠራሁት። በአሜሪካ አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ክንዱን ሥራ ላይ የተጎዳ፣ እድገቱን የሚጠብቅ ረጅም ሐበሻ። ነሐሴ ሲገባ መጥቶ ሊያገባት ነው። ጫማው የተወለወለ እንደሆነ ሳይቀር አውቅ ነበር። ባተርሲ መጋዘን ውስጥ የቲማቲም ጣሳ እየደረደርኩ የጻፍኳቸው ግጥሞች ሁሉ በእሱ ላይ ነበሩ። አንዳንዶቹ አሁንም መጥፎ አይደሉም።

ዛፎቹ ሁሉ አብበው መንገዱን በነጭ ካለበሱ በኋላ አንድ እሑድ፣ ወጥ ቤት ውስጥ እሷ ሳህን ስታጥብ እኔ እያደረቅኩ፣ እንደ ጨዋ ሰው ልጠይቃት ቆረጥኩ።

«እጮኛሽ ነሐሴ ላይ የሚመጣው ለሰርጉ ነው?»

«የቱ እጮኛዬ?»

«ምትኩ።»

የያዘችውን ሳህን ወደ ውሃው መለሰችው። መጀመሪያ ፊቴን አየች፤ እየቀለድኩ እንዳልሆነ ስታውቅ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አባዬ፣ ና! ሲሪየስሊ፣ ና ስማው!»

ጋሽ ስዩም ግን አልሳቁም። በሩ ላይ ቆመው በሐዘን ተመለከቱኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቴ እየበላ ምትኩን አያውቅም?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጋሽ ስዩም በወጣትነታቸው አስመራ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ግቢ ውስጥ ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር። ከወታደሮቹ አንዱ ከሥራ በኋላ ኳስ እየወረወረ ቤዝቦል አስተማራቸው፤ የትውልድ ከተማውን ቡድንም አወረሳቸው። በሱዳን አድርገው ለንደን ገብተው፣ አውቶቡስ ነድተው፣ ሱቅ ከፍተው፣ ያንን ቡድን አልተዉትም። ቤት ውስጥ «ቀይ ኮፍያዎቹ» ይባላል። እንዲህ ያለ ቡድን ከዋናው ተጫዋቾች በታች ሌሎች ትናንሽ ቡድኖች አሉት፤ ተስፋ የሚጣልባቸው ወጣቶች በየገጠር ከተማው ዓመታት እየተጫወቱ ይበስላሉ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጋሽ ስዩም ተስፋ ለጣሉበት ልጅ፣ ክርስትና እንደሚያነሱት ሁሉ የአማርኛ ስም ያወጡለታል። ሯጩን «ዘገየ» ብለውታል። ምትኩ ደግሞ ከአንዲት የካሪቢያን ደሴት የመጣ፣ ዕድሜው ከእኔ የማይበልጥ፣ ዱላ የያዘው ተጋጣሚ እንዳይመታው አድርጎ ኳስ በግራ እጁ የሚወረውር ልጅ ነው። ቤተሰቡ ይወደው የነበረ ሌላ ግራኝ ወርዋሪ ቡድኑን በለቀቀ ሰሞን ስለመጣ ነው ምትኩ የተባለው።

እፎይታዬ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ብቻ ደረሰ። እጮኛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይገባኝ ነበር፤ እጮኛን ሰው ይወዳል። ይህ ግን በአካል አይታው የማታውቀው፣ ስሟን የማያውቅ፣ ከሁለት ጨዋታ አንዱን የሚያበላሽ ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ የእሱን ውጤት ቼክ ታደርጋለች። ሲሸነፍ አትቆጣም። «ይማራል» ትላለች። እኔ ግጥም ሳነብላት ግን «አሪፍ ነው» ብላ ሻይ ልታፈላ ትነሳለች። አንድን ልጅ እንዲበስል ዓመታት የሚጠብቅ ሰው በዓለም ላይ እንዳለ፣ ያም ሰው እሷ እንደሆነች፣ የሚጠበቀውም ልጅ እኔ እንዳልሆንኩ ሳውቅ ቅናቴ እንደገና ተወለደ።

የእሑድ ፈረቃዬን ቀይሬ ማምሸት ጀመርኩ። በአሜሪካ ቀትር ላይ የሚጀመር ጨዋታ ለእኛ ማምሻ ላይ ይደርሳል። የሱፍ ፍሬና ቆሎ ቀላቅለን እየቆረጠምን በቤዛ ኮምፒውተር እናያለን፤ የታችኞቹን ቡድኖች ጨዋታ ሳይቀር ፈልጋ ታገኛለች። ምትኩ ሲወረውር ቤዛ አንድ እግሯን አጥፋ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ፣ ፍሬውን በመዳፏ እንደያዘች ትረሳዋለች። ያንን አቀማመጥ በዓይኔ በላሁት። ጨዋታውን የተማርኩት የምትኩን ጉድለት ለማግኘት ብቻ ነው፤ አገኘሁትም። ሲደክመው ክርኑ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ኳሱም ለመቺው ምቹ ሆኖ ይደርሳል።

«ክርኑን እዩት፤ አሁን ይመቱታል» አልኩ አንድ ቀን። መቱት።

ቤዛ ወደ እኔ ዞረች። «አባዬ፣ አየው እኮ!» እንዲያ ባለ ዓይን አይታኝ አታውቅም። ያየችኝ ግን በእሱ ምክንያት ነው።

ነሐሴ ገባ። ባተርሲ ውስጥ ባለ አዳራሽ የሐበሻ ማኅበረሰብ ቀን ተዘጋጀ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ግጥም ላነብ ስሜ ተያዘ። ግጥሙ ስለ እሷ ነበር፤ ይህን ግን አልነገርኳትም። ካዳመጠችኝ በኋላ የምላትን ቃል አዘጋጅቼ ነበር። ከአባቷ ጋር እንደምትመጣ ቃል ገባች። በዚያው እሑድ ጠዋት ግን ምትኩን ወደ ዋናው ቡድን አሳደጉት። ማምሻውን ጨዋታውን የሚጀምረው እሱ ነው።

ቢሆንም መጡ። ቤዛ ቀሚስ ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የእኔ ተራ ከጨዋታው በፊት ነበረ፤ ግን የእኛን ዝግጅት ታውቃላችሁ። አዳራሹ እስኪሞላ ተጠበቀ፣ ድምፅ ማጉያው እስኪሠራ ተጠበቀ፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ንግግር ጀመሩ። ንግግሩ የማኅበሩን አመሠራረት አልፎ ወደ ምሥጋና ሲሸጋገር ቤዛ ስልኳን አየች። እንደገና አየች። እኔ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሜ እሷን አያለሁ። በመጨረሻ ጋሽ ስዩም ግራና ቀኝ እጅ እየነሱ ተነሱ፣ እሷም ተከተለች። በሩ ላይ ዞር ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ። ይቅርታ ይሁን አይዞህ ይሁን አልለየሁትም።

ስሜ ሲጠራ ምግቡ ገብቶ ነበር። ሰዉ ሳህን ይዞ ተሰልፏል። በቃሌ የያዝኩት ግጥም መሐሉ ላይ ጠፋኝ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ብዬ ወረድኩ። በአውቶቡስ ወደ ስትሪትሃም ስሄድ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምትኩን እንዲመቱት።

ተመትቷል። በሁለተኛው ዙር አውጥተውታል። ስገባ የኮምፒውተሩን ድምፅ ዘግተውት፣ ስክሪኑ ላይ ልጁ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ካሜራው አልተወውም።

«አነበብክ?» አሉ ጋሽ ስዩም።

«አነበብኩ።»

«እንዴት ሆነ?»

በአገጬ ወደ ልጁ አመለከትኩ። «እንደሱ።»

ቤዛ ቀና አለች። «በስንተኛው ዙር አወጡህ?»

«ምግቡ ሲገባ።»

ጋሽ ስዩም በአፍንጫቸው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳው አዞረችው። «በል፣ እዚህ አንብበው» አለችኝ። አንድ እግሯን አጠፈች፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች። የሱፍ ፍሬውን በመዳፏ እንደያዘች ረሳችው።

ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩ። ስጨርስ ሻይ ልታፈላ አልተነሳችም።

«መሐሉ ላይ ክርንህ ወረደ» አለች። «ስትጽፈው ደክሞህ ነበር?»

እውነት ነበር። መሐሉን የጻፍኩት ከፈረቃ መልስ፣ ቆሜ እንቅልፍ እየወሰደኝ ነው። ላዘጋጀሁት ቃል ሰዓቱ ያ ነበር፤ ግን አፌን ሳልከፍት ኮምፒውተሩን መልሳ አዞረች፣ ልጁ ፎጣውን አንስቶ እንደሆነ ለማየት።

ቃሉን ሳልናገረው ቀረሁ። ቤዛ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ደግ ሰው አገባች፤ ቤዝቦል አያይም፣ ግጥም አያነብም። በእሱ ቀንቼ አላውቅም። ምትኩ ወጣ፣ ወረደ፣ ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገ፣ ቡድን ቀየረ። እኔም አንዲት ስስ መጽሐፍ አሳተምኩ፤ አዲስ ነገር ስጽፍ አሁንም መጀመሪያ የምልከው ለእሷ ነው። መልሷ አጭር ነው፤ ክርኔ የወረደበትን ቦታ ብቻ ትነግረኛለች።

አውቶቡሱ ብሪክስተንን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ስልኬ እንደገና ነዘረ። «እንግዲህ ከልጆቼ የቀረኸኝ አንተ ብቻ ነህ» ይላል።

አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ከዶሮዋ ሴት ጋር ሳይቀር ሰላምታ ልለዋወጥ ቃጣኝ። ያን ያህል ደስ ብሎኝ ሁለት ፌርማታ ያህል ሄድኩ። ከዚያ ሦስተኛው መልእክት ገባ፤ አባቷ በታችኛው ቡድን ያለ አንድ አዲስ ልጅ አይተው ትናንት ስም እንዳወጡለት፣ እሷም ሌሊት የወረወረውን ዛሬ ጠዋት እንዳየችው ይናገራል። ገና ልጅ ነው፣ ብላለች።

ስሙን አልጠየቅኩም። መስኮቱን እንደገና ጠረግኩና ጻፍኩላት፦ «ክርኑስ?»