ሰባቱም ሸምበቆዎች ስም ነበራቸው

ጠዋት ከገዘር ተደውሎ ጋሼ ማቴዎስ አረፉ ሲሉኝ «የትኛው ማቴዎስ?» አልኩ። ሌላ ማቴዎስ እንደማላውቅ እያወቅኩ። እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል።

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ የገዘር ሰው፣ የአሪ ገበሬ ነበሩ፤ ሸምበቆ ነፊ። እኔ በደርግ ጊዜ ጂንካ ውስጥ የአውራጃው ኪነት ቡድን ጸሐፊ ነበርኩ። የሃያ ዓመት ልጅ፣ እስክሪብቶ ስለያዝኩ ብቻ ሁሉን ያወቅኩ የሚመስለኝ።

ለክፍለ ሀገሩ ውድድር የመሣሪያ ዝርዝር ላኩ ተባልን። ጋሼ ከስድስት ጓደኞቻቸው ጋር ሰባት ሸምበቆ ይዘው መጡ። እኔ እቴ ምን ቸገረኝ፣ አንዴ አየት አድርጌ ሁሉንም «ዋሽንት» ብዬ ላክኩት። መልስ መጣ፦ ለዋሽንት አንድ ሰው ይበቃል። ስድስቱ ቀርተው ጋሼን ብቻ ይዘን ለውድድሩ ሄድን።

ጉዱ የገባኝ አርባ ምንጭ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመን ነው። ለካ የእሳቸው ሸምበቆ ያላት ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ዜማው የሚሞላው ሰባቱ ሰዎች ሲቀባበሉ ነው። ያኔ እንዲህ ያለው ነገር «አሻጥር» ከተባለ ወህኒ ያስወርዳል።

ጋሼ ዘና ብለው አዩኝ። አማርኛቸው አንተና አንቺ፣ ትልቅና ትንሽ አይለይም ነበር። «ስሙን ሳትጠይቅ አትጻፍ» አሉኝና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር የሚሉኝ ይህንኑ ነበር።

መድረኩ ላይ አንዴ ነፍተው ዝም አሉ። ሰዉ መሳቅ ሲጀምር ስለ ስም ማውራት ያዙ። በእጃቸው ያለችው በአሪኛ ስሟ «እናት» ማለት ነው፤ ሌሎቹ እሷን ሰምተው ነው የሚገቡት። አንዷ «አማች» ናት፤ ዘግይታ መጥታ ትንሽ ተናግራ ዝም የምትል። ትንሿ ስሟን ያገኘችው ወደ ማር ከምትመራው ወፍ ነው፤ አባቶች የጫካ ማር ፍለጋ ሲወጡ ይከተሉት የነበረው ድምፅ ነው አሉ።

ከዚያ አዳራሹን ከፋፈሉት። ፊት የተቀመጡትን ጓዶች «አንተ አማች ነህ» አሏቸው። ለየረድፉ ድምፁን በአፋቸው ሰጡና እናትን ነፉ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ወታደሩ፣ ካድሬው፣ ተማሪው እየተቀባበለ ዜማው ሞላ። ከዚያም በኋላ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሲያበቃ አንድ ኃላፊ ጠራቸውና ለምን ብቻቸውን እንደመጡ ጠየቃቸው። አጠገባቸው ነበርኩ። «እኔ ነኝ። ብቻዬን እበቃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉት። እኔም ዝም አልኩ።

ጋሼ፣ ያን ዝርዝር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጂንካ ሁሉ ይስማ። በሕይወት ሳሉ ማለት ነበረብኝ፤ መጀመሪያ ፈራሁ፣ ኋላ ደግሞ አፈርኩ። ነገ ገዘር እመጣለሁ፤ ለልጆችዎ በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁ። ደህና ይግቡልኝ፣ ጋሼ።