እኔ ያ ሃያሲ አይደለሁም

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ነገሩ አልፏል፤ ከእኔ ንዴቱ አልወጣም። ዛሬም ታክሲ ውስጥ የዚያ ዘፋኝ ድምፅ ሲከፈት፣ መንገዴ ገና ቢሆንም "ወራጅ አለ" ማለት ያምረኛል።

የምኖረው ነቀምቴ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ኦሮምኛዬ እምብዛም አይደለም፤ ከላም ባለቤት ጋር ግን ያግባባኛል። ስሜ ዳምጠው ይባላል። መዘዙም የመጣው ከስሜ ነው።

በዚያ ሰሞን አንድ የወለጋ ልጅ፣ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚሠራ ዘፋኝ፣ አዲስ አልበም አወጣ። ስሙን አልጠቅስም፤ ደጋፊዎቹ ዛሬም አሉ። ድሮ በጊታር ብቻ ይዘፍን የነበረው ልጅ አሁን በኮምፒውተር የተቀነባበረ፣ የሚያስጨፍር ሙዚቃ ይዞ መጣ። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ይህ ሳይበቃ አንድ የአዲስ አበባ ሃያሲ ሬዲዮ ላይ ቀርቦ፣ "ልጁ አንዱን ሻይ ቅጠል አሥር ጊዜ ቀቅሎ አሥር ብርጭቆ አቀረበልን" አለ። የሃያሲው ስም ዳምጠው ነው። የአባቱም ስም ከአባቴ ስም ጋር አንድ ነው።

አንዱ ፌስቡክ ላይ ሲፈልግ እኔን አገኘ። በግ አቅፌ የተነሳሁትን ፎቶ አውጥቶ "ሙዚቃ ገምጋሚው ይኸውላችሁ" ብሎ ለጠፈው።

ከዚያ በኋላ ሰላም አላየሁም። ሁልጊዜ "አካም ጂርታ ዶክተር" ብላ የምትቀበለኝ የጁስ ቤቷ ልጅ፣ አቮካዶውን ያለ ስኳር አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። "ጣፋጭ ነገር አይወዱም ሲሉ ሰማሁ" አለችኝ። እኔ እንዳልሆንኩ ነገርኳት። "ሁሉም ሲያዝ እንዲህ ነው የሚለው" ብላ ሄደች።

አልበሙን የሚጠሉት ደግሞ ባሱ። አንድ የኮሌጅ መምህር መንገድ ላይ አስቁሞኝ እጄን እየነቀነቀ "ደፋር ሰው ነህ!" አለኝ።

"ተሳስተሃል ጌታዬ። እኔ የከብት ሐኪም ነኝ" አልኩት።

ሳቁን ለቀቀው። "የከብት ሐኪም! ለደጋፊዎቹ ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም!"

በማግስቱ "ሃያሲው ደጋፊዎቹን ከብቶች አላቸው" የሚል ጽሑፍ ከነፎቶዬ ሲዞር አየሁ። ልብ በሉ፣ እስከዚያች ቀን ድረስ ከአልበሙ አንድም ዘፈን ሙሉውን አልሰማሁም ነበር።

እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ኡኬ አካባቢ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ ዘሐራ ይባላሉ። በድርቁ ዘመን ገና በልጅነታቸው ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። "ላሜ ከሌሊት ጀምራ ታምጣለች። አንድ እግርና አፍንጫ ወጥቶ ቀረ። ያለችኝ እሷው ናት፤ በአላህ ቶሎ ድረስልኝ" አሉኝ። ሞተሬን አስነሳሁ።

ስደርስ ላሟ በረቱ ውስጥ በጎኗ ተኝታለች፤ ዓይኗ ፈዟል። የእትዬ ዘሐራ ሁለት ልጆች አጠገቧ ቆመዋል። ትልቁ ሰይድ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ታናሹ እንድሪስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። እጄን በሳሙና ታጥቤ አስገባሁ። የጥጃው አንዱ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ እግሩን ማቃናት፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች በገመድ አስሮ ላሟ ስታምጥ መሳብ ነው። ብዙ ታግዬ አቃናሁት፤ አሰርኩና ገመዱን ለልጆቹ ሰጠኋቸው።

"እርስዎን የት ነው የማውቅዎት?" አለ ሰይድ።

"እንጃ። ዳምጠው እባላለሁ። በል አጥብቀህ ያዝ።"

ቀና ስል ፊቱ ተለዋውጧል።

"ከብት ያልከን አንተ ነህ?" ከእርስዎ ወደ አንተ ወረድኩ።

"አይደለሁም። ሳብ!"

"አልበሙን ሳትሰማ ነው የሰደብከው። ስምህም ዳምጠው እንጂ አዳምጠው አይደለ!"

በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ክንዴ ግን እስከ ትከሻዬ ላሟ ውስጥ ነው፤ ባማጠች ቁጥር አጥንቴን ትጨምቀኛለች።

"ምን አጠፋ? እውነቱን ነው የተናገረው" አለ እንድሪስ ከወዲያ። "ዶክተር፣ እስቲ የሻይ ቅጠሏን ድገምለት።"

ሰይድ ወደ ወንድሙ ዞረ። ሲዞር ገመዱን ለቀቀው። ላሟ ደንግጣ ስትፈራገጥ እኔ ጭቃው ላይ በጀርባዬ ወደቅኩ፤ ስንት ደክሜ ያቃናሁት እግርም ተመልሶ ገባ። ላሟ አንዴ አቃሰተች፤ አንገቷንም መሬት ላይ ጣለችው።

ተነስቼ ጮህኩባቸው። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ደግ ነገር ግን አይደለም። እነሱ እርስ በርሳቸው ይጯጯሃሉ። አንዱ "ግጥሙ ባዶ ነው"፣ ሌላው "የገባው ያውቀዋል" ይላል።

እትዬ ዘሐራ ውሃ ይዘው ከቤት ወጡ። ባልዲውን አስቀመጡና ልጆቻቸውን በተራ አዩአቸው።

"ልጆቸ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የምታምጠው ላሟ ናት ወይስ ዘፋኙ?"

ሰይድ ጎንበስ ብሎ ገመዱን አነሳ። እንድሪስም ያዘ።

እንደገና ክንዴን አስገባሁ፤ እግሩን እንደገና አቃናሁ። በሦስተኛው ምጥ ጥጃዋ ወጣች። አትተነፍስም። አፍና አፍንጫዋን ጠረግኩ፣ በገለባ አሸኋት፣ አንድ ጭድ አፍንጫዋ ውስጥ ከተትኩ። ምንም የለም። ሰይድ "ያ አላህ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት" እያለ ተንበረከከ። ደረቷን እያሸሁ ሌላ ጭድ ሞከርኩ። አስነጠሰች። እናቷ ከተኛችበት ቀና ብላ ወደ ድምፁ ዞረች። ሰይድ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ በዚያች ሰዓት ሁሉንም ይቅር ብዬው ነበር።

ምን ያደርጋል፣ ገና እጄን ሳልታጠብ "ዶክተር፣ ስድስተኛውን ዘፈን ግን እንዴት ሻይ ቅጠል ትለዋለህ?" አለኝ።

መታወቂያዬን አወጣሁ። የሥራ መታወቂያዬንም አወጣሁ። አየው፣ ገለበጠው። "ሰው ሁለት ሥራ ሊኖረው ይችላል" አለ።

ተስፋ ቆርጬ ጠየቅኩት። "ለመሆኑ አንተ ስንቱን ሰምተኸዋል?"

ስልኩ ቦታ ስለሌለው ሦስቱን ብቻ ነው የጫነው። እንድሪስን ጠየቅኩት። አንድም አልሰማም፤ የሃያሲውን ንግግር ግን በቃሉ ይወጣዋል። ከሳሹ ሦስት፣ ደጋፊዬ ባዶ፣ እኔም ባዶ። ለዚህ ነው ላሟ ልትሞት የነበረው።

"እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ" አሉ እትዬ ዘሐራ እጄ ላይ ውሃ እያፈሰሱ። "ሬዲዮኑ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ሁለቱ ደህና ናቸው። የቀሩት አይረቡም። ይኸ ምን ያጣላል?"

ሁለቱ ዘፈኖች የትኞቹ እንደሆኑ ሁለቱም ልጆች እኩል ጠየቋቸው። ያኔ ሞተሬን አስነስቼ ሄድኩ።

ከወር በኋላ ሰይድ ደወለ። የእውነተኛውን ሃያሲ ቪዲዮ አይቶ ኖሯል፤ ራሰ በራና ሽማግሌ ነው አለኝ። ከልቡ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጥጃዋም በደንብ እየጠባች ነው። ደስ አለኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል "ዶክተር፣ አሁን አንተ አለመሆንህን ካወቅኩ ዘንድ፣ የራስህ አስተያየት ምንድን ነው?" አለኝ። ኔትወርክ ተቋረጠ ብዬ ዘጋሁት።

የጁስ ቤቷ ልጅ ስኳሩን መልሳልኛለች። ያ መምህር ግን እስከዛሬ በሩቁ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። ሳየው መንገድ እቀይራለሁ፤ እኔ ምን አጥፍቼ እንደምሸሽ ሳስበው ደግሞ እንደገና እናደዳለሁ። አልበሙን በመጨረሻ ብቻዬን ሆኜ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ስለያንዳንዱ ዘፈን የምለው አለኝ። ዳምጠው እየተባልኩ ግን አልናገረውም።